ነፍስ ማወቅ፦ የማደግ ልቦለድ እንዴት ይሠራል?

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ በፌስታል የጠቀለለችውን መጽሐፍ ይዛ ቤቴ መጣች። መጽሐፉ የእኔ ነው፤ ለ14 ዓመት ልጇ ያዋስኩት። «መምህር፣ አይቀየሙኝና ይሄ መጽሐፍ ልጄን ምን ሊያስተምራት ነው? ባለታሪኳ ልጅ ከእናቷ ቦርሳ ብር ትወስዳለች፣ ትዋሻለች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ምንም አትሆንም!» አለችኝ። ከዳር እስከ ዳር አንብባዋለች ማለት ነው። ሐዋሳ ውስጥ ክረምት በመጣ ቁጥር ለሰፈር ልጆች መጻሕፍት ማዋስ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጁ የሚያነበውን አብሮ ያነበበ ወላጅ ግን በጣት የሚቆጠር ነው የገጠመኝ። ስለዚህ ጥያቄዋን አከበርኩት።

ያን ቀን የመለስኩላት በችኮላ ነበር። አሁን ረጋ ብዬ ላስረዳ። ለወጣቶች ከሚጻፉ ልቦለዶች ብዙዎቹ የሚነሡት ልክ እሷ ከደነገጠችበት ቦታ ነውና።

ከቃሉ ልነሣ። አማርኛ የሰውን ማደግ የሚለካባቸው ቢያንስ ሦስት መለኪያዎች አሉት። አንደኛው የሕግ ነው፤ አካለ መጠን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል። ሁለተኛው የገላ ነው፤ ለአቅመ አዳም፣ ለአቅመ ሔዋን መድረስ። ድምፅ ሲጎረንን፣ ጡት ሲያጎጠጉጥ፣ ዘመድ ስለ ጋብቻ ማውራት ሲጀምር ማለት ነው። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ አልተስማሙም፤ ያው የ1952ቱ ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። ለወንዱም ለሴቷም 18 ያደረገው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው።

ሦስተኛው መለኪያ ቀን አይቆረጥለትም። «ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ» እንላለን። ሕፃን እናትና አባቱን ለይቶ፣ የሆነውን ማስታወስ ሲጀምር «ነፍስ አወቀ» ይባላል። ነገሩ ግን በዚያ አያበቃም፤ ሰው ደጋግሞ ነፍስ ያውቃል። አባቱ የሚፈራው ሰው እንዳለ ያየ ቀን አንድ ጊዜ፣ የቅርብ ጓደኛው ቤት ራት እንደማይበላ የገባው ቀን ሌላ ጊዜ፣ እናቱ ከመውለዷ በፊት ሌላ ሕይወት እንደነበራት ያሰበ ቀን ደግሞ እንደገና። የማደግ ልቦለድ የምለው ይህን ሦስተኛውን መለኪያ የሚከተለውን ልቦለድ ነው። ባለታሪኩ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። መጽሐፉ ሲጀመር የማያውቀውን አንድ ነገር ሲያልቅ ያውቃል፤ ያወቀውን መልሶ ማጥፋት ግን አይችልም።

ስሙ የወጣለት በጀርመን አገር ነው። ደራሲው ጎተ እ.ኤ.አ. በ1795 እና በ1796 ያሳተመው የዊልሄልም ማይስተር ታሪክ ቲያትር የማረከውን የአንድ ነጋዴ ልጅ ይከተላል። ሃያ ዓመታት ካለፉ በኋላ ካርል ሞርገንሽቴርን የተባለ ፕሮፌሰር ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት «ቢልዱንግስሮማን» የሚል ስም አወጣለት። ቢልዱንግ መታነጽ፣ መቀረጽ እንደማለት ነው። ልብ በሉ፤ ያኔ አንባቢው አዋቂ ሰው ነበር። ድርሰቱ ስለ ወጣት እንጂ ለወጣት አልተጻፈም። «ስለ» ወደ «ለ» እስኪዞር ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ብዙዎች እንደ ምልክት የሚያነሡት እ.ኤ.አ. 1967ን ነው፤ ኤስ ኢ ሂንተን የተባለች የኦክላሆማ ልጅ በ15 ዓመቷ የጀመረችው «ዚ አውትሳይደርስ» በዚያ ዓመት ታተመ። ስሟ በመጀመሪያ ፊደላቱ ብቻ የተጻፈው ገምጋሚዎች ስለ ወንዶች ጠብ የጻፈችው ሴት መሆኗን አውቀው እንዳይንቁት ተብሎ ነው። መጽሐፉ የሚያልቀው ተራኪው የ14 ዓመት ልጅ ለአስተማሪው የቤት ሥራ ሊጽፍ ቁጭ ሲል ነው፤ የሚጽፈው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እኛ መጽሐፉን ስንከፍት ያነበብነው ራሱ ነው። ልጁ ማደጉን ማንም አይነግረንም። የደረሰበትን መናገር መቻሉ ነው ምስክሩ።

የዚህ ድርሰት ሞተር ያለው እዚህ ላይ ነው። በእያንዳንዱ የማደግ ልቦለድ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ የደረሰበት ልጅና የሚያወራው ልጅ። ስማቸው አንድ ነው፣ ልባቸው ግን የተለያየ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት መጽሐፉን ይወስነዋል። በቆዩት ድርሰቶች ርቀቱ ሰፊ ነው፤ የጎለመሰ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ «ያኔ ልጅ ነበርኩ» ይላል። አሁን ለወጣቶች የሚጻፉት ግን ርቀቱን እጅግ አጥብበውታል። የሚያወራው ልጅ ከደረሰበት ልጅ የሚበልጠው በአንድ ክረምት፣ አንዳንዴም በአንድ ሌሊት ነው። ታላቅ ሰው ሆኖ የሚያጽናና ድምፅ የለም። አንባቢው ከባለታሪኩ ጋር በጨለማ ይሄዳል።

አማርኛ ለዚህ የተመቸ አወራር አለው። ማታ ማታ በፍቅር ሐይቅ ዳር የሚቀመጡ ወጣቶችን ጆሮ ሰጥታችሁ አድምጡ። «ትናንት እመጣለሁ፣ በሩ ክፍት ነው፣ እገባለሁ፣ ማንን ባይ ጥሩ ነው!» ይላሉ። ያለፈውን አሁን እንደሚሆን አድርጎ ማውራት የእኛው የዕለት ተዕለት ወግ ነው። ብዕር ስናነሣ ግን ይህን ትተን «መጣሁ፣ ገባሁ፣ ተመለከትኩ» ወደሚል የደብዳቤ አማርኛ እንሸሻለን። በጣም የምቆጭበት ነገር ነው፤ የ14 ዓመት ልጅ ራሱን ሊሰማበት የሚችለውን ድምፅ በእጃችን ይዘን አንጠቀምበትም።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ቅሬታ ልምጣ። ትምህርት የሚሰጥ ተረትና የማደግ ልቦለድ አንድ ዓይነት ታሪክ ሲይዙ ምን እንደሚያደርጉት በምሳሌ ላሳይ።

አሞራ ገደል፣ የዓሣው ገበያ ነው እንበል። የ13 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ቆሮሶ እያጸዳ ይሸጣል። አንጀቱንና አጥንቱን ሲወረውር አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ይሻማሉ። አንዲት ገዢ መጥታ «የዛሬ ነው?» ስትል አባት «ገና አሁን ከጀልባ የወረደ» ይላል። ዓሣው የትናንት መሆኑን ልጁ ያውቃል። ተረት ሆኖ ሲጻፍ ሴትየዋ ታማ ትመለሳለች፣ አባት ያፍራል፣ ልጁ ውሸት ዋጋ እንደሚያስከፍል ይማራል። ታሪኩም፣ ልጁም፣ አንባቢውም በአንድ ላይ ያርፋሉ።

በማደግ ልቦለድ ግን ሴትየዋ አባትየውን አታምነውም። ወደ ልጁ ትዞርና «አንተ ማሙሽ፣ ልጅ አይዋሽም፤ የዛሬ ነው?» ትለዋለች። ልጁ «አዎ» ይላል። ትገዛለች፤ ትሄዳለች፤ ተመልሳ አትመጣም። አባት ምንም አይናገርም። ግን ያን ቀን ማታ የገበያውን ብር አውጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ «እስቲ ቁጠረው» ብሎ ለልጁ ይሰጠዋል።

እዚህች ቦታ ላይ ቆም በሉ። ልጁ የሚመኘውን ነገር አገኘ፤ አባቱ እንደ ሰው ቆጠረው። ያገኘው ደግሞ ልጅነቱን ሸጦ ነው፤ ሴትየዋ ያመነችው ልጅ ስለሆነ ነበርና። ደስታውና ነውሩ በአንድ እጅ፣ በአንድ የብር ክምር ውስጥ መጡ። ቅጣት ቢመጣለት ይገላገል ነበር፤ ዕዳው ተከፍሎ ያበቃል። የማይመጣ ቅጣት ግን ከእሱ ጋር ይኖራል። ለዚህ ነው ጥሩዎቹ መጻሕፍት ባለታሪኩን ቶሎ የማይቀጡት። አንባቢው ልጅ «ይሄ ልክ ነው ወይ?» ብሎ ራሱ እንዲፈርድ ወንበሩን ይለቁለታል። ፍርድን ከደራሲው የተቀበለ ልጅ ቃሉን ያስታውስ ይሆናል፤ ራሱ የፈረደ ልጅ ግን መፍረድ ተለማመደ።

ላዋስኳት መጽሐፍም መልሱ ይኸው ነው። ባለታሪኳ ብሩን ስትወስድ የተጠረጠረችው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ሠራተኛዋ ልብሷን ጠቅልላ ስትወጣ ልጅቷ በመስኮት እያየች ዝም ትላለች። ከዚያ ገጽ በኋላ እናቷ ለታክሲ ብር ስትሰጣት እንኳ እጇን ለመዘርጋት ትቸገራለች። «ምንም አትሆንም» ላለችኝ ጎረቤቴ ያን ገጽ ገልጬ አሳየኋት። አልፋው ነበር፤ ድብደባና ጩኸት ስለሌለበት አላየችውም።

ይህን ስል ማንኛውም መጽሐፍ ለማንኛውም ልጅ ይሁን ማለቴ አይደለም። እኔም ለ12 ዓመት ልጅ የማላውሳቸው፣ ለ16 ዓመቷ ግን የምሰጣቸው አሉ። መስፈርቴ የጥፋቱ ዓይነት ሳይሆን መጽሐፉ ዋጋውን የከፈለውን ሰው ማሳየቱ ነው። ሠራተኛዋ ስትወጣ ካላሳየ፣ ብር መስረቅን እንደ ጀብዱ ብቻ ከተረከ፣ ያን መጽሐፍ እኔም ከመደርደሪያዬ አወርደዋለሁ።

የማይባለውን መናገር ሌላው ባሕርይው ነው። የዚምባብዌዋ ጺጺ ዳንጋሬምብጋ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመችው «ነርቨስ ኮንዲሽንስ» የሚጀምረው ተራኪዋ ወንድሟ ሲሞት እንዳላዘነች በመናገር ነው። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ሲሰማ «በስመ አብ!» ማለቱ አይቀርም። ቀጥሎ ሲያነብ ግን ይገባዋል፤ ቤተሰቡ ለማስተማር የመረጠው ወንዱን ነው፣ ልጅቷ ለትምህርት ቤት ክፍያ ብላ የዘራችውን በቆሎ ወንድሟ እየሰረቀ ለጓደኞቹ ያድል ነበር፣ የትምህርት ዕድሉ ወደ እሷ የዞረው እሱ ሲሞት ነው። አለማዘኗ ክፋት ነው ወይስ እውነት? መጽሐፉ አይመልስላችሁም። ለቅሶ ላይ እንባ እምቢ ብሎት በፍርሃት ዙሪያውን ያየ ልጅ ሁሉ ግን ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል።

አሁን በጣም ወደምወደው ነጥብ ልግባ። አማርኛ ለዚህ ዓይነት ልቦለድ ብዙ ቋንቋዎች የሌላቸው መሣሪያ አለው፤ አጠራሩ። ሰው ማደጉን ገና ሳያውቅ ቋንቋው ያውቅበታል። ባለሱቁ ትናንት «ማሙሽ» ይለው የነበረውን ልጅ አንድ ቀን «ወንድሜ፣ ምን ልስጥህ?» ይለዋል። ልጁ ዘወር ብሎ ከኋላው ሌላ ሰው እንዳለ ያያል። የባጃጁ ሾፌር «ሚጣዬ» ይላት የነበረችውን ልጅ «እህት፣ ጠጋ በይ» ሲላት በመስታወቱ የሚያይበት ዓይን ተለውጧል፤ ያን ዓይን ሳትገልጹ በአጠራሩ ብቻ ልታሳዩ ትችላላችሁ። ቤት ውስጥ «አንተ ልጅ» የነበረው አክስቶቹ ሲመጡ በመዝገብ ስሙ ሲጠራ፣ ታናሹ «አንተ» ማለት ትቶ «ጋሼ» ሲለው፣ አባት ሲሞት ጎረቤት የ15 ዓመቱን ልጅ «አንቱ የቤቱ አባወራ» ብሎ ግማሽ በጨዋታ ግማሽ ከልቡ ሲጠራው፤ እያንዳንዷ ለውጥ አንድ ምዕራፍ ትሸከማለች።

የተገላቢጦሹም አለ። አባቱን «አንቱ» ይል የነበረ ልጅ ተቆጥቶ በድንገት «አንተ» ቢለው ቤቱ ውስጥ ምን ዓይነት ጸጥታ እንደሚወርድ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቀዋል። እንግሊዝኛ ይህን ጸጥታ ለማምጣት ሁለት ገጽ ያስፈልገዋል፤ ለእኛ አንዲት የግሥ መጨረሻ ትበቃናለች። ለመጻፍ የሚሞክሩ ተማሪዎቼን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቃቸው ይህንን ነው፤ ባለታሪካችሁን ማን ምን ብሎ ይጠራዋል? መቼ ይለወጣል?

የራሳችን የሥነ ጽሑፍ ታሪክስ? «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ለአዋቂ አንባቢ ነው። የመጀመሪያ ምዕራፎቹን ግን በዚህ ዓይን እንደገና አንብቧቸው። በዛብህ ገና ነፍስ ሳያውቅ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። ካደገ በኋላ የሚያጋጥመው ጥያቄ «ሳላውቅ የተገባልኝን ቃል መጠበቅ አለብኝ ወይ?» ነው። ከዚህ የበለጠ የማደግ ጥያቄ የለም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያደመጡ ስንት ልጆች ያን ጥያቄ በየቤታቸው በዝምታ እንዳሰላሰሉት እገምታለሁ። ቢሆንም በተረት መጽሐፍና በዚህ ታላቅ ድርሰት መካከል ልጆቻችን የሚረግጡት ድልድይ ቀጭን ነው። 12 ዓመቱ ላይ ጅብና ቀበሮ ይሰለቹታል፤ የአዋቂዎቹ ልቦለድ ደግሞ ገና ይከብደዋል። በዚያ መካከል ብዙ ልጅ ማንበብ ይተዋል፤ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ በስተቀር ሳይመለስበት የሚቀረውም ብዙ ነው።

ጉዳዩ የታሪክ እጥረት አይደለም። ሐዋሳን ብቻ እንኳ ብንመለከት ተጽፎ የማያልቅ ነገር አለ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር ብዙ ወጣት ሴቶችን ወደ ከተማዋ አመጣ። አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው፣ ፍራሽ ተጋርተው፣ መጀመሪያ የያዙትን ደመወዝ ከፋፍለው ለቤተሰብ የሚልኩ ልጆች ናቸው። ለቤት የሚላከው ብር ሲዘገይ ስልክ ላይ የእናት ድምፅ እንዴት እንደሚለወጥ የሰማች የ18 ዓመት ልጅ ያለ ማንም ምክር ነፍስ አውቃለች።

ሌላው ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ጀመረ። ብዙው ልጅ ከቤቱ ውጭ አድሮ የማያውቅ ነው። ብርድ ልብስ ተሸክሞ፣ ስልኩን ትቶ፣ እናቱ በር ላይ ስትመርቀው ዞር ብሎ ላለማየት እየታገለ ይሄዳል። ለጥቂት ቀናት ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ያድራል። ከዚህ የተሻለ የልቦለድ መግቢያ ማን ይፈልጋል? ሁሉም ሰው ስለ ውጤቱ ያወራል፤ ከፈተናው በፊት ባለው ሌሊት ከላይኛው አልጋ የሚሰማውን የተደበቀ ለቅሶ ግን የጻፈ ገና አላነበብኩም።

ቋንቋውም ራሱ ጉዳይ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ከአያቱ ጋር ሲዳምኛ፣ ከጓደኞቹ ጋር አማርኛ፣ ክፍል ከፍ ሲል በመማሪያው ላይ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በአማርኛ ሲጻፍ አያቱ የተናገረችው በአማርኛ ብቻ ከቀረበ አንድ ነገር ይጎድላል። ልጁ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያፍርና በየትኛው እንደሚቆጣ ደራሲው ማወቅ አለበት።

ስለ አጨራረሱ ትንሽ ልበል። የፍቅር ልቦለድ በሠርግ ወይም በመቃብር ያልቃል፤ የወንጀል ልቦለድ ገዳዩ ሲያዝ። የማደግ ልቦለድ ግን የሚያልቀው ባለታሪኩ አንድ ነገር ሊያደርግ ሲነሣ ነው፤ አድርጎ ሲጨርስ አይደለም። ምክንያትም አለው። የተጠየቀው ጥያቄ «ምን ሆነ?» ሳይሆን «አሁን ማን ነው?» ስለሆነ፣ እግሩን ማንሣቱ በራሱ መልስ ይሆናል። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ እዚህ ላይ ይፈራና ከአሥር ዓመት በኋላ ዶክተር ሆኖ ሲመለስ የሚያሳይ አንድ ምዕራፍ ይጨምራል። እባካችሁ ተዉት። ያ ምዕራፍ የተጻፈው ለልጁ ሳይሆን ለተጨነቁት ወላጆች ነው።

ጎረቤቴን ያስቆጣው መጽሐፍ የሚያልቀው በአንድ ቃል ነው። ልጅቷ ማታ ወደ ማድ ቤት ትገባለች፤ እናት ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ልጅቷ ቆማ ትቆይና «እማዬ» ትላለች። ሌላ ገጽ የለውም።

ሠራተኛዋ የወጣችበትን ገጽ ካሳየኋት በኋላ ጎረቤቴ መጽሐፉን መልሳ ይዛው ሄደች። ከሳምንት በኋላ መንገድ ላይ አገኘችኝ። «ልጄ ትነግራታለች ትላለች። እኔ አትነግራትም አልኳት። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መምህር፣ ክፍል ሁለት የለውም?» ብላ ጠየቀችኝ።

የለውም አልኳት። መጽሐፉን የሚጠብቅ ሌላ ልጅ እንዳለ ብነግራትም፣ አንድ ሳምንት እንድጨምርላት ለመነችኝ።